የዶፒንግ ምርመራ በስፖርት ውጤት ላይ ምን ለወጠ?

የዶፒንግ ምርመራ መሥራቱን ለማወቅ ስንት ሰው ተያዘ ብሎ መቁጠር ብዙም አይረዳም። የውድድር ውጤቶቹን ማየት ይሻላል፤ በተለይ የሴቶች አሎሎ ውርወራን። እ.ኤ.አ. በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ወርቅ ያስገኘው ርቀት 22.24 ሜትር ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ልክ 20 ሜትር በቃ። ሥልጠናው፣ አመጋገቡ፣ ሕክምናው ሁሉ ተሻሽሎ ርቀቱ ግን ከሁለት ሜትር በላይ ወረደ! የ1987ቱን የዓለም ክብረ ወሰን፣ 22.63 ሜትርን፣ እስካሁን የነካው የለም። ያኔ የወረወረ ሁሉ አበረታች መድኃኒት ወስዷል ማለት አይደለም፤ ዘመኑ ግን ልቅ ነበር።

ምርመራ ድሮም ነበር እኮ። ኦሎምፒክ ላይ የተጀመረው በ1968 ነው። ችግሩ የሚመረምሩት በውድድር ሰሞን መሆኑ ነበር። ስቴሮይድ የሚባለው አበረታች መድኃኒት የሚጠቅመው ልምምድ ላይ ነው፤ ጡንቻ ይገነባል፣ ሰውነት ቶሎ ያገግማል፣ ከዚያ ውድድሩ ሲቃረብ መውሰዱን ያቆሙታል፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ይወጣል፣ ጉልበቱ ግን ይቀራል። ምሥራቅ ጀርመን ይህን በመንግሥት ደረጃ ሠርታበታለች። ክራይሻ የሚገኘው ቤተ ሙከራዋ ስፖርተኞቹን ወደ ውጭ ከመውጣታቸው በፊት ይመረምር ነበር፤ መድኃኒቱ ገና ያልወጣለት ከጉዞው ይቀራል። የመመርመሪያው ዕውቀት ለማጭበርበሪያ ዋለ ማለት ነው። በጣም የሚያናድደው ደግሞ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ልጆች ሳይቀሩ ቫይታሚን ነው እየተባሉ መድኃኒቱን እንዲውጡ መደረጋቸው ነው።

ካናዳዊው ሯጭ ቤን ጆንሰን ሴኡል ላይ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ስታኖዞሎል በተባለ ስቴሮይድ ከተያዘ በኋላ ከውድድር ውጪ የሚደረገው ድንገተኛ ምርመራ እየሰፋ መጣ። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲው ዋዳም በ1999 ተቋቋመ። ዛሬ በዋናው የተመርማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ያለ አትሌት በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ያሳውቃል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጠፋ፣ ምንም ሳይገኝበት ሊታገድ ይችላል። ከባድ ነው፣ የሰው ኑሮ ውስጥም ይገባል። ግን ለእኔ ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

ረጅም ርቀትና ብስክሌት ላይ ዋናው ጣጣ ኢፒኦ የሚባለው ሆርሞን ነው። ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ጡንቻም ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። ኦሎምፒክ ላይ የሚለይ ምርመራ የመጣው በ2000 ሲድኒ ነው። አጭበርባሪዎችም ወዲያው በትንሽ በትንሹ መውሰድ ጀመሩ፤ ቶሎ ይጠፋላ። ለዚህ መልስ የሆነው ባዮሎጂካል ፓስፖርት ነው። መድኃኒቱን አይፈልግም፤ የአትሌቱን ደም ከራሱ ከቀድሞው ደም ጋር ለዓመታት እያነጻጸረ ያልተለመደ ለውጥ ይፈልጋል። ቀዳዳውን ሁሉ አልደፈነም፣ ግን ሳይነቃበት የሚወሰደውን መጠን በጣም አሳነሰው። እዚህ ላይ ልዩነቱን ከሚገቡበት ሰዓት ማንበብ ግን ያስቸግራል፤ አዳዲሶቹ የካርቦን ጫማዎች ሰዓቱን ወደ ታች እየጎተቱት ነውና።

ፓስፖርቱ ግን ወደ ኋላም ይደርሳል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በሴቶች 1500 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም ከዓመታት በኋላ በዚሁ ተይዘው ሜዳሊያቸውን ተነጥቀዋል። ወርቁም ሦስተኛ ለገባችው ለማርያም ጀማል ተሰጠ።