ስለ ጥንታዊት ግብፅ አርኪዮሎጂስትና ስለ ሙዚየም ኩሬተር ሙያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥንታዊት ግብፅን ስለሚያጠኑና የሙዚየም ክምችትን በኃላፊነት ስለሚመሩ ባለሙያዎች በሰፊው የሚታመነው አብዛኛው ነገር ከፊልም የመጣ ነው። እውነታውን ከ1910 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የግብፅ ክፍል ኩሬተር (የክምችት ኃላፊ)፣ ታላላቆቹ ፒራሚዶች ባሉበት በጊዛም የቁፋሮ መሪ የነበረው የአሜሪካዊው ጆርጅ ራይስነር ሥራ በግልጽ ያሳያል።

«አርኪዮሎጂስት ወርቅ ፈላጊ ነው።»
የራይስነር ቡድን በ1925 የንጉሥ ኩፉን እናት የንግሥት ሄቴፌሬስን መቃብር አገኘ። 27 ሜትር ገደማ በሚጠልቀው ጉድጓድ ግርጌ የነበሩት የቤት ዕቃዎች እንጨታቸው በስብሶ ስለ ነበር፣ የቀረው በወደቀበት የተኛ ስስ የወርቅ ልባጥ ነበር። ልባጡን ለቅሞ ማውጣት ቀላል ነው፤ ባለሙያዎቹ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ከማንሣታቸው በፊት ፎቶ እያነሡ፣ እየሣሉና ቦታውን እየመዘገቡ ረጅም ጊዜ ሠሩ፤ አልጋውና ወንበሩ ኋላ ተመልሰው ሊገጣጠሙ የቻሉትም በዚህ መዝገብ ነው። በ1927 የተከፈተው የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ባዶ ሆኖ ቢገኝም የሥራው ዋጋ አልቀነሰም።

«ግኝቱ የአንድ የውጭ ሊቅ ነው።»
መቃብሩ ሲገኝ ራይስነር አሜሪካ ነበር። ፍንጩን የሰጠው የፎቶግራፍ አንሺው የካሜራ ማቆሚያ እግር ያረፈበት የኖራ ልስን ሲሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ግብፃዊው መሐመዳኒ ኢብራሂም ነበር። ግብፃውያን የቁፋሮ አለቆችም የዕለቱን ሥራ በዓረብኛ ይመዘግቡ ነበር። ስማቸው ከመሪው ስም ጋር አብሮ አለመጠራቱ በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው።

«ኩሬተሩ ያገኘውን ሁሉ ለሙዚየሙ ይወስዳል።»
በዚያ ዘመን ግኝት በግብፅ መንግሥትና በቆፋሪው ተቋም መካከል ይከፈል ነበር። የሄቴፌሬስ ዕቃዎች ግን ግብፅ ቀርተዋል፤ ዛሬም ከቁፋሮ የወጣ ቅርስ ለውጭ ቆፋሪ አይሰጥም።

«የታላቅ ሊቅ ድምዳሜ አይሻርም።»
ራይስነር ከ1913 እስከ 1916 በሱዳን ኬርማ ሲቆፍር በአንድ ግዙፍ ጉብታ መቃብር ውስጥ የግብፃዊውን ባለሥልጣን የጀፋይሃፒንና የሚስቱን የሴኑዊን ሐውልቶች አገኘ፤ ከዚህም ተነሥቶ መቃብሩ የግብፃዊ አገረ ገዥ ነው አለ። የአካባቢው ሕዝብ ኑብያውያን በራሳቸው እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም የሚለው የዘመኑ ንቀትም ፍርዱን አዛብቶታል። ሐውልቶቹ ከግብፅ ተወስደው የመጡ እንደሆኑ፣ በጉብታዎቹ ሥር የተቀበሩትም የኩሽ፣ ማለትም የኑብያውያኑ መንግሥት፣ ነገሥታት እንደሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ ለዐሥርት ዓመታት ያካሄደው ቁፋሮም ኬርማ የራሷ ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት የነበራት የኑብያውያን መዲና እንደ ነበረች አረጋግጧል።