ጥቁር ትሪፕስ ሁሉ የሽንኩርት ጠላት አይደለም

«ሽንኩርቱን የሚፈጀው ከአጥሩ ጭራሮ የሚወርደው ጥቁር ትሪፕስ ነው፤ አጥሩም ይረጭ!» በቆጋ መስኖ ማሳዎች ይህ አባባል እንደ ክረምት ጭቃ አልለቅ ብሏል። ትሪፕስ ደቃቅ ነፍሳት ነው፤ በደረቅ ጭራሮ ላይ የሚርመሰመሰው በአብዛኛው ሻጋታ በል ነው፤ ሽንኩርት አይቀምስም። እሱን መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙና ከጅራቱ ጀምሩ። የሽንኩርቱ ትሪፕስ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሴቷ ከሆዷ ጫፍ ሥር መጋዝ መሰል እንቁላል መጣያ ስላላት ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ትቀብራለች። ሻጋታ በሎቹ ግን በብዛት ቱቡሊፌራ ከሚባለው ወገን ናቸው፦ የሆዳቸው መጨረሻ ጠቦ እንደ ቱቦ ይወጣል፤ ሲያርፉ ክንፋቸው ይደራረባል።

«በቀለም ይለያል።» አይለይም፤ የሽንኩርቱም በቅዝቃዜ ካደገ ይጠቁራል።

«ቅርንጫፉን ያደረቀው እሱ ነው።» ቅርንጫፉ ደረቀ፣ ሻጋታ አወጣ፣ ትሪፕሱ ለመብል መጣ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

«ቱቦ ካለው ሻጋታ በል ነው።» ይህ ደግሞ የግማሽ አዋቂ ስሕተት ነው። ከቱቡሊፌራ የቅጠል ፈሳሽ የሚጠጣም፣ ሌላ ነፍሳት አድኖ የሚበላም አለ። ቁርጡ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። ከቱቡሊፌራ ውስጥ ኢዶሎትሪፒኔ የሚባለው ንዑስ ቤተሰብ አባላት የአፍ መርፌ ሰፊ ነው፣ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር፤ የሻጋታውን ስፖር (የሚራባበትን ብናኝ) እንዳለ ስለሚውጡ በሆዳቸው ውስጥ ተከማችቶ ይታያል። ስፖር አልታየም ማለት ግን ሻጋታ በል አይደለም ማለት አይሆንም፤ ቀጭን መርፌ ያላቸው ከሻጋታው ክር ፈሳሹን ብቻ መጥጠው ይጠጣሉ። ለማይክሮስኮፕ መስታወት (ስላይድ) ሲዘጋጅ ናሙናው በኮስቲክ ሶዳ ከጸዳ የሆዱ ይዘት አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ሁለቱን ሳታጸዱ አስቀሩ።

«ትልቁና ትንሹ ሁለት ዝርያ ናቸው።» በዚህ ስንቱ ተሳስቷል! በአንድ መንጋ ውስጥ የፊት እግሩ የደነደነ ግዙፍ ወንድና ሴት የሚመስል ደቃቃ ወንድ፣ ክንፍ ያለውና የሌለው አብረው ይገኛሉ። ከአንድ ቅርንጫፍ 20 ያህል ሳይሰበስቡ ስም ማውጣት ችኮላ ነው።

ለመሰብሰብ ቅርንጫፉን በነጭ ትሪ ላይ አራግፉ፤ በአልኮል በራሰ ቀጭን ብሩሽ አንሱ። አልኮሉ 60 በመቶ ይሁን፦ 6 እጅ ባለ 70 በመቶ፣ 1 እጅ ውሃ። ከዚያ ከበረታ ገላው ይደርቅና እግሩ አልዘረጋ ይላል። አረቄ ውስጥ የሚከትም አይጠፋም፤ አረቄው ለሰርግ ይቆይ። ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ስም በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።