ሃይድሮጅንና ፊውል ሴል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፀሐይ፣ ከነፋስ ወይም ከወንዝ በተገኘ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሮላይዘር በሚባል መሣሪያ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ጋዙን አጠራቅሞ በፊውል ሴል መልሶ ኤሌክትሪክ ማድረግ፤ ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው ግን ዕቃው ገና ሳይገዛ፣ በተሳሳተ ግምት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሃይድሮጅን አዲስ የኃይል ምንጭ ነው»

በኤሌክትሪክ የሚመረተው ሃይድሮጅን ምንጭ ሳይሆን ማጠራቀሚያ ነው፤ ያውም ብዙ የሚያፈስ ማጠራቀሚያ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት፣ ረዳት መሣሪያዎቹ የሚወስዱት ተጨምሮ፣ ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያው አንድ ኪሎ በፊውል ሴል ሲመለስ የሚሰጠው ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካስገቡት ሲሶ ያህሉን መልሰው ያገኛሉ ማለት ነው።

ለክትባት ማቀዝቀዣና ለመብራት በየሌሊቱ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚያስፈልገውን ጤና ጣቢያ እናስብ። ፊውል ሴሉ ለዚህ 0.63 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይበላል፤ ይህን ለማምረት ቀን ላይ 34 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጥሩ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ቢገኝ ወደ 7 ኪሎዋት የሚጠጋ ፓነል መስቀል ግድ ነው። በሊቲየም ባትሪ ቢሆን 11 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት ፓነል ይበቃ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ባትሪ ይገዛ፤ በዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። ሃይድሮጅን የሚያዋጣው ማቆያው ከቀናት አልፎ ወደ ሳምንታት ሲረዝም ነው፤ ያኔ የሚጨመረው ታንክ እንጂ ውድ ባትሪ አይደለም።

ማከማቻውም ቢሆን በቀላሉ አይታይ። አንድ ሰው ተሸክሞት የማይሄደው፣ 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የ50 ሊትር ብረት ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ የሚይዘው 0.7 ኪሎ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

«ገና የሙከራ ቴክኖሎጂ ነው»

ዌልሳዊው ሳይንቲስት ዊሊያም ግሮቭ የፊውል ሴል ጥንስስ የሆነውን የጋዝ ባትሪውን ያሳየው በ1842 ነው። ኖርዌይ በሩካን ፏፏቴ ኤሌክትሪክ ውሃ እየሰነጠቀች ማዳበሪያ ማምረት የጀመረችው በ1920ዎቹ ማብቂያ፣ ግብፅ ደግሞ በአስዋን በዓባይ ኃይል ይህንኑ ያደረገችው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱም ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ አልመለሱትም፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት አሞኒያ አደረጉት። ዩሪያን ከውጭ ለምትገዛው ኢትዮጵያም የውሃ ኃይል ሃይድሮጅን መጀመሪያ ትርጉም የሚኖረው በማዳበሪያ በኩል ነው ብለን እናምናለን።

«ፓነሉን ከኤሌክትሮላይዘሩ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው። ሰውም ሞቶበታል።

በብዛት የሚሠራበት አልካላይን ኤሌክትሮላይዘር ከ25 እስከ 30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለው ውሃ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይሠራል። ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን የሚለያያቸው በመካከል የተወጠረ ቀጭን ገለፈት ነው፤ ትንሽ ትንሽ ጋዝ ግን ምንጊዜም ወደ ማዶ ይሾልካል። ችግሩ የሚመጣው ፀሐይዋን ደመና ሲጋርዳት ነው። ምርቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የሚሾልከው መጠን ግን እምብዛም አይቀንስም። በሙሉ ኃይል ሲሠራ ከቁጥር የማይገባው ቅልቅል በአነስተኛ ኃይል ላይ አስጊ ይሆናል። ሃይድሮጅን በኦክስጅን ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያው 2 በመቶ ላይ ማሽኑን እንዲያጠፋ ይደረጋል።

በደቡብ ኮሪያ ጋንግኑንግ በግንቦት ወር 2019 የሆነው ይኸው ነው። ከፀሐይ ኃይል ሃይድሮጅን አምርቶ ለፊውል ሴል የሚያቀርብ የምርምር ተቋም ነበር። ኦክስጅን ወደ ሃይድሮጅን ታንኮቹ ገብቶ ተጠራቀመ፤ ታንኮቹ ፈንድተው 2 ሰዎች ሞቱ፣ 6 ቆሰሉ። ኦክስጅኑን የሚያስወግደው መሣሪያ አልተገጠመም ነበር።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ኤሌክትሮላይዘሩ አምራቹ ከወሰነው ዝቅተኛ ጭነት (ለአልካላይን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ) በታች እንዳይሠራ ይታሰር። ደመናው እስኪያልፍ የሚያሻግር ትንሽ ባትሪ በመካከል ይግባ። ከኤሌክትሮላይዘሩ በኋላ ኦክስጅኑን በፓላዲየም ወደ ውሃ የሚለውጥ ማጥሪያና ማድረቂያ፣ ከታንኩ በፊት ደግሞ የኦክስጅን መለኪያ ይቀመጥ። ረጅም ጊዜ ቆሞ ከመነሳቱ በፊት ቧንቧው በናይትሮጅን ይታጠብ። በጀት ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው መለኪያውን ነው፤ እባካችሁ ሌላ ነገር ሰርዙ።

«ውሃ ይጨርሳል»

ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን የሚሰነጠቀው ውሃ 9 ሊትር ነው፤ ማጣሪያው የሚጥለው ሲጨመር ከ15 እስከ 20 ሊትር ይደርሳል። ለዚያ ጤና ጣቢያ በቀን አንድ ጀሪካን ይተርፈዋል። ትላልቅ ፋብሪካዎች ለማቀዝቀዣ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ሆኖም ዋናው ጥያቄ የውሃው ጥራት ነው።

ፔም የሚባለው፣ በፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈንታ ፕሮቶን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ገለፈት የሚሠራው ኤሌክትሮላይዘር የሚቀበለው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከ1 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ በመቶዎች ይቆጠራል። ካልሲየምና ሶዲየም ገለፈቱ ውስጥ ገብተው ፕሮቶን የሚያልፍበትን ቦታ ይይዛሉ፤ ብረት ሲገባ ደግሞ ገለፈቱን ራሱን ይበላዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በዚያው አምፔር አንዱ ሴል በ1.9 ቮልት ሲሠራ ቆይቶ ወደ 2.1 ይወጣል። ያኔ መጀመሪያ የሚታየው ሪዚኑ፣ ማለትም በውሃ ማጣሪያው ውስጥ እነዚህን ማዕድናት የሚይዘው ነገር ነው፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃው መስመር ላይ የነሐስ ወይም የመዳብ መገጣጠሚያ የገጠመ ሰው እንዳለ ይጣራ።

«ቤት ውስጥ በመኪና ባትሪና በጨው ይሠራል»

አረፋ መውጣቱ እውነት ነው። የገበታ ጨው ሲገባበት ግን በአንዱ ጫፍ የሚወጣው የሚመርዝ ክሎሪን ነው፤ የማይዝግ ብረት ማንኪያ ሲነከር ደግሞ መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውሃው ይገባል። ለአንድ ሴል 2 ቮልት ይበቃል፤ ከ12 ቮልቱ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሁለቱ ጋዞች በአንድ ዕቃ ከተጠራቀሙ ለማፈንዳት 0.02 ሚሊ ጁል አይሞላም፤ ከናይሎን ልብስ የሚነሳ ብልጭታ ከዚህ ይበልጣል። አታድርጉት።

«ሃይድሮጅን ቦንብ ነው» እና «ቀላል ስለሆነ አደጋ የለውም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከአየር 14 እጥፍ ስለሚቀል ሜዳ ላይ ፈጥኖ ይበተናል፤ ጣሪያ ሥር ግን ይታጎራል። በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ይቀጣጠላል። ስለዚህ አየር ማስወጫው ከጣሪያው አናት ላይ ይከፈት፤ ጠቋሚውም እዚያው ተሰቅሎ 1 በመቶ ላይ ይጩህ። መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፤ የቆዩ ባለሙያዎች የሣር መጥረጊያ ወደ ፊት ዘርግተው የሚራመዱት ለዚህ ነው፤ ጫፉ ሲቀጣጠል እሳቱ የት እንዳለ ያውቃሉ። በ2019 በኦስሎ አቅራቢያ የፈነዳው የሃይድሮጅን ማደያ መነሻው በደንብ ያልጠበቁ ብሎኖች ነበሩ።

«ማንኛውም ሃይድሮጅን ለፊውል ሴል ይሆናል»

በፔም ፊውል ሴል ያለው ፕላቲነም በካርቦን ሞኖክሳይድ ይመረዛል። ለተሽከርካሪ ፊውል ሴል የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ንጽሕናው 99.97 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ0.2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 0.2 እጅ) ያልበለጠ እንዲሆን ያዛል። ከኤሌክትሮላይዘር የወጣ ጋዝ ከደረቀና ኦክስጅኑ ከተወገደለት እዚህ ለመድረስ አይቸገርም፤ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሃይድሮጅን ግን በደንብ መጣራት አለበት።

የሚረሳው ሁለተኛው ጋዝ፣ አየሩ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ፊውል ሴሉም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። አየር መግፊያው ጉድለቱን ለመሙላት ሲታገል ራሱ የሚበላው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ለሶኬቱ የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ 100 ኪሎዋት የሚል የተጻፈበትን ፊውል ሴል ለመግዛት ከመፈረም በፊት፣ በዚህ ከፍታ ላይ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥ።