የተኛ ብርና የግምጃ ቤት ሰነድ፦ የስታርትአፕን ገንዘብ የት ማቆየት ይሻላል?

የግምጃ ቤት ሰነድ መንግሥት ለአጭር ጊዜ ገንዘብ የሚበደርበት ሰነድ ነው። በገንዘብ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ባጭሩ «ቲ-ቢል» ይሉታል። ተበዳሪው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ጨረታውን የሚያካሂድለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ሰነዱ በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን የሚከፈል ሆኖ ይወጣል።

ይህ ዳሰሳ የሚያየው ሰነዱን ከአንድ ወገን ብቻ ነው። አንድ ስታርትአፕ ከባለሀብት ወይም ከውድድር ገንዘብ አገኘ እንበል። ብሩን የሚያወጣው ግን በአንድ ዓመት ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እስከዚያው የት ይቀመጥ? የአገራችን ጀማሪ ኩባንያዎች ጉዳዩን ብዙም አያነሱትም፤ ብሩ በገባበት ሂሳብ ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ነገር ያለው መረጃም በአዋጅ፣ በመመሪያና በጨረታ ማስታወቂያ ተበታትኖ ነው የሚገኘው። እዚህ በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ተሞክሯል።

አሠራሩ

ቲ-ቢል ወለድ የሚከፈልበት መንገድ ከባንክ ተቀማጭ ይለያል። ገዢው ሰነዱን ከፊት ዋጋው (በላዩ ከተጻፈው ዋጋ) አሳንሶ ይገዛል፣ ጊዜው ሲደርስ ሙሉውን ዋጋ ይቀበላል። ትርፉ በመካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለምሳሌ አንድ ኩባንያ የ1 ሚሊዮን ብር የ91 ቀን ሰነድ ይፈልጋል። በጨረታው ላይ ለእያንዳንዱ 100 ብር 96 ብር ከ50 ሳንቲም ሰጠና አሸነፈ። ዛሬ የሚከፍለው 965,000 ብር ነው። ከ91 ቀን በኋላ 1 ሚሊዮን ብር ይገባለታል። 35,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። ይህ ወደ ዓመት ሲመነዘር 14.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያው 965,000 ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ሂሳብ ለ91 ቀን ቢቀመጥ ኖሮ የሚያስገኘው 16,800 ብር አካባቢ ነበር። ሁለቱም ስሌት ግብር ሳይነሳ ነው፤ የጨረታ ዋጋውም ለማስረዳት የተወሰደ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቀን ውጤት አይደለም።

ጨረታ ስለሆነ ዋጋ መገመት ግድ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠ ሰነዱን ያገኛል፣ ትርፉ ግን ይሳሳል። ብዙ ለማትረፍ ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠ ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ጥሩው ነገር የጨረታው ውጤት ለሕዝብ መገለጹ ነው። ያለፉትን ጨረታዎች አማካይ ዋጋ ያየ ሰው በጭፍን አይጫረትም። ከባንክ ጋር በር ዘግቶ ከሚደረግ የወለድ ድርድር ጋር ሲነጻጸር ይህ ግልጽነት ትልቅ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንኩም ሊመሰገንበት ይገባል።

እዚህ የደረሰው እንዴት ነው?

በንጉሡ ዘመን የአክሲዮን ግብይት በአዲስ አበባ ተጀምሮ ነበር። በ1966 አብዮት መጣ፣ በ1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ፣ ግብይቱም ቆመ። በደርግ ዘመን መንግሥት የሚበደረው ከራሱ ባንኮች ነበር።

የግል ባንክ እንደገና ከተፈቀደ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ተጀመረ። ጨረታ ይባል እንጂ ለረጅም ዓመታት ወለዱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲተያይ ገዢው በየዓመቱ ይከስራል። ስለዚህ ዋነኞቹ ገዢዎች የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና የጡረታ ፈንዶቹ ነበሩ። አንድ የግል ኩባንያ በፈቃዱ ሄዶ የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም። ሳያውቀው ግን በተዘዋዋሪ ገብቶበታል። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ከወጣ ወዲህ አሠሪውም ሠራተኛውም ያዋጣሉ፤ መዋጮው ቀስ በቀስ አድጎ ለአሠሪው 11 በመቶ፣ ለሠራተኛው 7 በመቶ ደርሷል። ከዚያ መዋጮ ቀላል የማይባለው ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ ሄዷል።

ያው 2003 ዓ.ም. በመንግሥት ሰነዶች ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። ሁለት ነገር ተከሰተ።

የመጀመሪያው የህዳሴ ግድብ ቦንድ ነው። መጋቢት 24 ቀን የግድቡ መሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ ወዲያው የቦንድ ሽያጩ ቀጠለ። ሠራተኛው የወር ደመወዙን በዓመት ከፍሎ ገዛ። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ውጭ ያለው ወገን ገዛ። እስከዚያ ቀን «ቦንድ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው የምስክር ወረቀቱን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ የዚያ ሁሉ ሰው እጅ ነበረበት። ቦንዱ ግን የዓመታት ነው። ለስድስት ወር ብር ለማቆየት የታሰበ መሣሪያ አይደለም። ኩባንያ ከገዛው ለአገሩ ብሎ ይግዛው፣ የደመወዝ ብር ግን አይግባበት።

ሁለተኛው የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ወይም «ኤንቢኢ ቢል» ነው። የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህለውን ለዚህ ሰነድ እንዲያውሉ ታዘዙ። የአምስት ዓመት ሰነድ ነው፣ ወለዱም 3 በመቶ ነበር። ባንኮቹ ለአስቀማጭ ከዚያ በላይ እየከፈሉ ገንዘቡን በ3 በመቶ ያስሩታል። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ብድር ይውል ነበር። መመሪያው የግል ዘርፉን ብድር አሳጥቷል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ለኢንዱስትሪ የረጅም ጊዜ ገንዘብ አስገኝቷል የሚሉም አሉ። የባንኮቹን የሂሳብ መግለጫ ላየ ሰው ግን ሸክሙ ግልጽ ነበር። ግዴታው በ2012 ተነሣ።

በዚያው በ2012 የቲ-ቢል ጨረታም ተለወጠ። ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ የ364 ቀን ሰነድም መጣ። ወለዱ ቀስ እያለ ወጣ። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ (የሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆን ምጣኔ) ሲያውጅ፣ በዚያው ወር 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ የሰነዱም ወለድ ይበልጥ ከፍ አለ። ለጀማሪ ኩባንያ ጉዳዩ ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀመረ። ብዙ ሰው የአክሲዮን መሸጫ ብቻ ይመስለዋል። እንደ ቲ-ቢልና ቦንድ ያሉ ቋሚ ገቢ ያላቸው ሰነዶችም የራሳቸው ክፍል አላቸው።

ምርጫዎቹ

ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ወለድ የለውም። ቼክ ለመጻፊያ ነው እንጂ ብር ለማክረሚያ አይደለም።

የቁጠባ ሂሳብ ዝቅተኛው ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ብሩ በተፈለገ ሰዓት ይወጣል። የቅርብ ወራት ወጪ እዚህ ቢቀመጥ ያስኬዳል።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ በድርድር ነው። ብሩ ሲበዛ የኩባንያው ድምፅ ይሰማል። ጊዜው ሳይደርስ ማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ወለዱን ያስቀራል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አገሪቱ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ያቋቋመችው በቅርቡ ነው። ሽፋኑ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው። ለግለሰብ ቆጣቢ ጥሩ ነው። 10 ሚሊዮን ብር በአንድ ባንክ ለያዘ ኩባንያ ግን ከሞላ ጎደል ምንም አይሸፍንም። ቲ-ቢል የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ከወለዱም በላይ ይህ ነው፦ ዕዳው የአንድ ባንክ ሳይሆን የመንግሥት ነው።

ከቲ-ቢሎቹ መካከል የቱን? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብዙ ይከፍላል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ብሩ በየትኛው ቀን እንደሚያስፈልግ ነው። ሥራ አስኪያጁ የቀን መቁጠሪያ ይዘርጋ። በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ አለ፣ ተከትሎ የሥራ ግብርና ጡረታ ይከፈላል። ቢሮ ኪራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት በአንዴ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅና መክፈል አለበት። እነዚህ ቀኖች ሰነዱን ይመርጡለታል።

12 ሚሊዮን ብር ያለውና በወር 1 ሚሊዮን የሚያወጣ ኩባንያ እንውሰድ። 3 ሚሊዮኑ በባንክ ይቆያል፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ይሸፍናል። 3 ሚሊዮን በ91 ቀን ሰነድ ይገባል፤ ሲደርስ የቀጣዮቹ ሦስት ወራት ወጪ ይሆናል። የቀረው 6 ሚሊዮን በ182 ቀን ይገዛል። ስድስት ወር ሲሞላ ግማሹ ለወጪ ይወጣል፣ ግማሹ እንደገና ለ91 ቀን ይገባል። የ364 ቀን ሰነድ ለዚህ ኩባንያ አይሆንም፣ ወለዱ የቱንም ያህል ቢያጓጓ። ጨረታና ክፍያ በአንድ ቀን ስለማይጣጣሙ ደግሞ ሁልጊዜ የጥቂት ሳምንታት ወጪ ተጨማሪ መተው ያስፈልጋል። ደመወዝ ሁለት ቀን ሲዘገይ ሠራተኛው ውስጥ የሚፈጠረው ፍርሃት በ35,000 ብር ትርፍ አይካካስም።

ስጋቶች

ቲ-ቢል ከስጋት ነጻ ነው ይባላል። በብር ስለሚከፈል፣ መንግሥትም በብር ዕዳውን የመክፈል አቅም ስላለው አባባሉ በአመዛኙ ትክክል ነው። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷን፣ ማለትም ለውጭ ገዢዎች በዶላር የሸጠችውን ቦንድ፣ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ይህን አንሥተው የአገር ውስጡንም ሰነድ የሚጠራጠሩ አሉ። ሁለቱ መለየት አለባቸው። የውጭ ዕዳው ችግር የዶላር እጥረት ነበር። የግምጃ ቤት ሰነድ የውጭ ዕዳውን አከፋፈል ለማስተካከል በተደረገው ድርድር ውስጥ አልገባም።

እውነተኛው ስጋት ሌላ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰነድ የያዘ በቁጥር አትርፎ በአቅም ከስሯል። የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሰርቨር ኪራይና የሶፍትዌር ክፍያው በዶላር የሆነ ኩባንያ የብር ሰነድ ከዚህ አያድነውም። የዶላር ወጪውን ለይቶ ማቀድ አለበት። ከጊዜው በፊት ሰነዱን መሸጥም እንደ ባንክ ብር ማውጣት ቀላል አይደለም። ገዢ መገኘት አለበት፣ በሚፈልጉት ዋጋ መገኘቱም ሌላ ጥያቄ ነው። የተገዛውን ሰነድ እስከ መጨረሻው ይዞ ለመቆየት አስቦ መግዛት ይሻላል።

አፈጻጸም

ግዢው የሚጀምረው በኩባንያው ውስጥ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ባለድርሻዎቹ በቃለ ጉባኤ ይወስናሉ። ቃለ ጉባኤው ከገንዘቡ ስንት በመቶ በሰነድ እንደሚያዝ፣ ረጅሙ ቀን ስንት እንደሆነና ማን ከማን ጋር እንደሚፈርም ይጻፍበት። ፈራሚው ሁልጊዜ ሁለት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጥሎ ኩባንያው ሂሳብ ያለበትን ባንክ ማነጋገር ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኛ ስለ ቲ-ቢል የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለውን የግምጃ ቤት ክፍል መጠየቅ ያዋጣል። ትንሹ የመጫረቻ መጠንና የማስገቢያው ሰዓት በጨረታ ማስታወቂያው ላይ ይገኛል። የተገኘው ልዩነት እንደ ገቢ ተመዝግቦ በግብር ጊዜ መታየት ስላለበት የሂሳብ ባለሙያው ከግዢው በፊት ይወቀው። ሰነዱ ሰኔ 30ን ተሻግሮ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ትርፉ በሁለቱ የበጀት ዓመታት እንዴት እንደሚከፈል አብሮ ይወሰን።