ስለ ድሮዋ ጅማ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሰው ከተሰበሰበ፣ ቶና ላይ ሳይደረስ ወሬው ወደ ድሮ መዞሩ አይቀርም። የሚገርመኝ፣ በከተማዋ ላይ የደረሰውን ለውጥ ሁሉ በሰው ጠባይ ማሳበባችን ነው። ድሮ ደግነት ነበር፣ ዛሬ ስግብግብነት ሆነ፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። አዋጁ፣ ገበያው፣ የውኃ ቧንቧው ምን እንደሠሩ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«ጅማን የሠራት ጣሊያን ነው»

ፈረንጅ አራዳ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ይቀላል፤ ሕንጻዎቹ ለዓይን ቅርብ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በነበረበት ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። መንገድ ቀደደ፣ ቢሮ ሠራ፣ ለራሱ ሰዎችም ሰፈር ለየ። ይህን የሚክድ የለም።

ግን ከዚያ በፊት ሂርማታ ነበረ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሲገዙ፣ ከታች ሂርማታ ላይ በየሐሙሱ የሚቆመው ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት አንዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከሰሜንም ከሸዋም ይመጣል፤ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይጭናል። ሰውም ይሸጥ ነበር። የአባ ጅፋርን ዘመን ስናሞግስ ይህችን ነገር ዘለል እናደርጋታለን፤ መዝለሉ ግን ልክ አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ ጣሊያን የሰፈረው ገበያው ካለበት ነው። የጅማ መርካቶ ዛሬም ሂርማታ ላይ ነው፤ ሐሙስም ዛሬም የገበያ ቀን ነው።

«ከየአቅጣጫው ሰው የጎረፈው ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ነው»

በ1999 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 120,960 ነበር፤ በ1987 ደግሞ 88,867። ዕድገቱ እውነት ነው። ድብልቅነቱ ግን ከሂርማታ ጀምሮ ያለ ነው። ነጋዴው፣ የቡና ለቃሚው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከኦሮሞው ጋር ዳውሮው፣ ካፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው፣ አማራው እዚሁ ሲወልድ ሲከብድ ኖሯል። ጅማ «የአንድ እምነት ከተማ» ስትባል ለሰማ ደግሞ፣ ያው የ1999 ቆጠራ ኦርቶዶክሱን 47፣ ሙስሊሙን 39፣ ፕሮቴስታንቱን 13 በመቶ ገደማ አድርጎ መዝግቦታል።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን በ1992 ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። የግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው የተከፈቱት፤ በ1992 የሆነው የሁለቱ መዋሐድ ነው።

«ድሮ ኪራይ ርካሽ የነበረው አከራዩ አላህን፣ እግዜርን ስለሚፈራ ነው»

ይህኛው ከሁሉም ያስቀኛል፤ አከራዩ ድሮ ማን እንደነበረ ተረስቷልና። አከራዩ ቀበሌ ነበር።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት፤ የቀረው ተወረሰ። እስከ መቶ ብር የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ገባ፣ ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደሆነው ኪራይ ቤቶች። ኪራዩም በአዋጅ ተቀነሰ፤ ቅናሹ የበዛውም በትንንሾቹ ቤቶች ላይ ነው። ደግነት ከነበረ፣ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ደግነት ነው።

ለተከራዩ እፎይታ እንደነበረ አልክድም፤ ብዙ ድሃ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው በዚያ ቤት ነው። ዋጋው ግን በኋላ መጣ። በወር በሚሰበሰብ ጥቂት ብር ጣሪያ አይቀየርም። ተከራዩ ከኪሱ እንዳያድስ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ቀበሌው እንዳያድስ ገንዘብ የለውም። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ጭቃው ከማገሩ የተላቀቀ፣ የዛገ ቆርቆሮው ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ቤት ዛሬም ይታያል። የሚከራይ ቤት መሥራትም በአዋጅ ስለተዘጋ፣ ሰው እየበዛ ሲሄድ ቤቱ አብሮ አልበዛም።

ደርግ ወድቆ ማከራየት ሲፈቀድ፣ በላዩ ላይ ተማሪው፣ መምህሩና ሐኪሙ ሲጨመሩ ኪራይ ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ምን ምርጫ ነበረው? ጓሮ ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች የዚህ ውጤት ናቸው፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ለሁሉም አንድ መጸዳጃ። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚለው ሕግም አብሮ ይከራያል። የዛሬ አከራይ ሁሉ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰውዬው ሊጨክን የቻለው ከእርሱ ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው ለማለት ነው።

«የቡና አገር ስለሆንን ድሮ ቡና እንደ ልብ ነበር»

ቡናው የሚበቅለው በዙሪያዋ፣ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ፣ በጌራ ነው፤ ከተማዋ ገበያው ናት። በደርግ ዘመን ደግሞ የቡና ንግድ በመንግሥት እጅ ስለነበረ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ኬላ ላይ ይቆምና ዕቃ ሁሉ ይበረበራል። ለዘመድ ጥቂት ኪሎ ቡና የያዘች እናት ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እኩል ትፈራ ነበር። ወደ ውጭ የሚላከው ደረጃ ያለው ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ የሚከለክለውም ሕግ ለረጅም ዓመታት የኖረ ነው። ስለዚህ ጥሩው ወደ ወደብ ሲወርድ ለጀበናችን የደረሰው በአብዛኛው ከደረጃ የወረደው ነበር። ያንንም አጣፍጠን መጠጣታችን የአፍዪዋ ሙያ ነው።

«ድሮ ጎረቤት የሚተዋወቀው ፍቅር ስለነበረ ነው»

ፍቅርም ነበረ፤ ቦኖም ነበረ። ውኃ ለመቅዳት በሌሊት ጄሪካን በወረፋ አስቀምጦ ከሚጠብቅ ሰው ጋር አለመተዋወቅ አይቻልም። የጋራ ማድ ቤት፣ የጋራ መጸዳጃ፣ የጋራ ቆጣሪ፤ ሰው የጎረቤቱን ወጥ በመዓዛው ያውቀዋል። ጠቡም የሚነሳው እዚያው ነበር፤ «ጄሪካኔን ማን ገፋው?» ብሎ የተነሳ ጭቅጭቅ እስከ ዕድር ዳኛ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ገብቷል፤ ውኃ ሲጠፋም ሮቶ አለ። ቦኖው ጋ የሚያገናኘን ጉዳይ ቀረ። ለቅሶ ላይ ግን ድንኳኑ እንደ ድሮው ይተከላል፤ ዕድሩ አልሞተም።

«ጋሪ ይሻል ነበር፣ ከተማዋን ያበላሸው ባጃጅ ነው»

የባጃጅ ጩኸት እኔንም ያሰለቸኛል። ነገር ግን ጀርባው ቆስሎ በአስፋልት ላይ የሚገረፈውን፣ አቅሙ ሲያልቅ ሜዳ ላይ የሚጣለውን ፈረስ ያየ ሰው ጋሪን አይናፍቅም።

«አዌቱን ያቆሸሸው የዛሬ ትውልድ ነው»

አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጅማ ደግሞ የተማከለ የፍሳሽ መስመር ሳይዘረጋላት ነው ያደገችው። ሕዝቡ ጥቂት በነበረበት ዘመንም ቆሻሻው ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር፤ ያኔ ወንዙ ይችለው ነበር እንጂ ያኔ ሰው የበለጠ ንጹሕ አልነበረም። አሁን ሆቴሉ፣ ላቫጆው፣ ጋራዡና ሰርቪስ ቤቱ ሁሉ ሲጨመርበት አልቻለም። ጉማሬ ለማየት የምንሄድበት ቦዬ ረግረግ የሚቀበለውም ይህንኑ ውኃ ነው፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። የወንዙን ዳር በድንጋይና በአበባ ማስዋብ ደግ ሥራ ነው። ከየግቢው ወደ ወንዙ የተደፋው ቱቦ ግን አበባው ሥር ሆኖም መፍሰሱን አያቆምም።