አሜሪካ ውስጥ የሚያብለጨልጩ መብራቶች ህግ፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ሌሎቹም

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ፣ ቶው ትራክ (የተበላሸ መኪና ጎታች)፣ በረዶ ጠራጊ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ ምናምን ጣሪያቸው ላይ ምን አይነት ቀለም ያለው መብራት ማብራት እንደሚችሉ የሚወስነው የፌደራል መንግስቱ አይደለም፣ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ የትራፊክ ህግ ነው የሚወስነው። ፌደራሉ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ለሚኖሩት መብራቶች ማለትም ለፊት መብራት፣ ለፍሬን መብራት፣ ለፍሬቻና ለመሳሰሉት 108 ቁጥር የሚባል ስታንዳርድ አለው፣ የድንገተኛ መኪኖችን ቀለም ግን ለስቴቶቹ ትቶታል። ስለዚህ አንዱ ስቴት ውስጥ የፖሊስ ብቻ የሆነውን ሰማያዊ መብራት ሌላው ስቴት ውስጥ የአንድ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ የግል መኪና ላይ ታገኙታላችሁ። ይሄ ነገር እኛን በደንብ ይመለከተናል፣ ምክንያቱም ከማህበረሰባችን በመንዳት የሚተዳደረው ሰው ብዙ ነው፣ ዲሲ አካባቢ ያለ የኡበር ሾፌር በአንድ ቀን ስራ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም ሊገባ ይችላል፣ ትራክ የሚነዳውማ ስንቱን ስቴት ያቋርጣል። ለዛ ነው ቀለሙን በቃል ከመያዝ መብራቱ ሲታይ ምን ማድረግ እንዳለብን ማወቁ ይበልጣል የምለው፣ ቀለሙ ይለያያል እንጂ ከሾፌሩ የሚጠበቀው ነገር ከስቴት ስቴት ያን ያህል አይራራቅም።

መጀመሪያ ቨርጂኒያን እንይ። እዛ ሰማያዊ የፖሊስ ነው፣ ብቻውንም ይሁን ከቀይ ወይም ከነጭ ጋር ተቀላቅሎ። ቀይ፣ ወይም ቀይና ነጭ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋና የድንገተኛ ህክምና አባላትም ጥሪ ሲመጣላቸው የግል መኪናቸው ላይ ቀይ መብራት እንዲያደርጉ ህጉ ይፈቅድላቸዋል። ቢጫው፣ ወደ ብርቱካን የሚሄደው ማለት ነው፣ የአገልግሎት መኪኖች ነው፣ ቶው ትራክ፣ የመንገድ ስራ መኪና፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመር ጠጋኝ፣ ገጠር ውስጥ ፖስታ የሚያድለው ሰው ሳይቀር። ቢጫ መብራት መንገድ ልቀቁልኝ ማለት አይደለም፣ እዚህ ጋ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አለ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ቀይና ሰማያዊው ግን ከሳይረን ጋር ሆኖ ሲመጣ ትእዛዝ ነው።

ከቨርጂኒያ ስትወጡ ነገሩ ይዘበራረቃል። ኒውዮርክ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያበራ ተራ የቤት መኪና ከኋላችሁ ቢመጣ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ወደ ጥሪ እየሮጠ ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ የአምቡላንስ አባል ነው። እነዚህ ሁለቱ በህግ የቅድሚያ መብት የላቸውም፣ ትራፊክ መብራት መጣስም ሆነ ከፍጥነት ወሰን ማለፍ አይፈቀድላቸውም፣ ማሳለፉ ለናንተ ጨዋነት የተተወ ነው። ግን እባካችሁ አሳልፏቸው፣ ሰውየው እኮ ደሞዝ ሳይከፈለው እራቱን ጥሎ የሰው ቤት ሊያድን ነው የሚሮጠው። ኦሃዮና ሚሺገን ውስጥ አረንጓዴ የምታዩት በረዶ ጠራጊው ላይ ነው፣ በነጭ በረዶ መሃል አረንጓዴ ከሩቅ ይለያል፣ ሚኒሶታ ደግሞ በረዶ ጠራጊዎቿ ከቢጫው ጋር ሰማያዊም ያበራሉ። ቴክሳስ የመንገድ ጥገና መኪኖች ቢጫና ሰማያዊ ይዘው ይቆማሉ። ጆርጂያና ፍሎሪዳ ውስጥ ሐምራዊ ካያችሁ የቀብር አጀብ ነው። ቺካጎ ላይ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ከቀዩ ጎን አረንጓዴ አላቸው፣ የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለየት ያለ ጥያቄ አላት፣ ማንኛውም የድንገተኛ መኪና ከፊት ለፊቱ ቢያንስ አንድ የማያብለጨልጭ፣ ዝም ብሎ የሚበራ ቀይ መብራት ሊኖረው ይገባል፣ ያውም ከ1,000 ጫማ ርቀት የሚታይ።

ቀይና ሰማያዊን አንድ ላይ ማድረግ በብዙ ቦታ የተለመደው ለጌጥ አይደለም። ቀን በጠራራ ፀሀይ ቀዩ ጎልቶ ይታያል፣ ማታ ግን መንገዱ ሁሉ በመኪኖች የኋላ መብራት ቀይ በቀይ ስለሚሆን ይጠፋል፣ አይናችን ደግሞ በጨለማ ለሰማያዊ የበለጠ ንቁ ነው። አሁን ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ችግሩ ተገላብጧል ማለት ይቻላል፣ መብራቱ አልታይ ማለቱ ቀርቶ በጣም ደምቆ አይን ማጥፋቱ ሆነ ጭንቀቱ፣ ማታ ሃይዌይ ላይ አራት አምስት የፖሊስ መኪና ተሰልፎ ሲያብለጨልጭ ከመብራቱ አጠገብ ያለውን በእግሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ያስቸግራል። ለዚህ የእሳት አደጋ መኪናዎች ስታንዳርድ አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ መኪናው ሲሄድና ሲቆም መብራቱ አንድ አይነት አይደለም። ወደ ጥሪ እየሄደ እያለ ነጩም ቀዩም ይበራል፣ ቦታው ደርሶ ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሲይዝ ወደ ሌላ ሁኔታ ይገባና ነጮቹ ማስጠንቀቂያ መብራቶች ይጠፋሉ፣ የሚመጣውን ሾፌር እንዳያሳውሩት። አንዳንድ ከተሞች ውስጥ ደግሞ የእሳት አደጋው መኪና በአይን የማይታይ ጨረር እየላከ የትራፊክ መብራቱን ለራሱ አረንጓዴ ያደርጋል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለምክንያት የሚመስል ረጅም ቀይ ይዟችሁ ከትራፊክ መብራቱ አጠገብ ትንሽ ነጭ አምፖል ስትበራ ካያችሁ ድንገተኛ መኪና እየመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ቀይ ነው አይነቃነቅም ብላችሁ እንዳትጥሱት።

መኪናው እየሄደ ከሆነ ህጉ በሁሉም ስቴት ወደ አንድ ነገር ነው የሚያመራው፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ያዙ፣ ቁሙ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ አትቁሙ፣ እሱን አልፋችሁ ነው የምትቆሙት። ከግራ ሌን ተደናግጦ ፍሬን መርገጥ ብዙ ሰው የሚሰራው ስህተት ነው፣ አምቡላንሱ የሚፈልገው ያንኑ ግራ ሌን ነው። አንዱ ካለፈ በኋላ ወዲያው አትነሱ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይከተላል። ተከትሎ መሄድም ጥፋት ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ ጥሪ ከሚሄድ የእሳት አደጋ መኪና ወይም አምቡላንስ ከ500 ጫማ በታች ቀርቦ መከተል ክልክል ነው፣ መሬት ላይ በተዘረጋ የውሃ ቱቦ ላይ መንዳትም እንደዛው። የድንገተኛ መኪናው ሾፌር ራሱም ቢሆን ሳይረን ስላበራ ብቻ ነፃ አይደለም፣ ቀይ ሲጥስ የሌላውን ደህንነት የማየት ግዴታ አለበት፣ ጭፍን ብሎ ገብቶ ሰው ቢገጭ ይጠየቃል።

አገር ቤት ነድተን የመጣን ሰዎች ይሄኛው አይከብደንም፣ ሳይረን ሲሰማ መንገድ መልቀቅ እዛም ያለ ነው። የሚያስቀጣን የቆመው መኪና ነው። ሙቭ ኦቨር የሚባለው ህግ ማለቴ ነው፣ ሾልደር ላይ፣ የመንገዱ ዳር ማለት ነው፣ መብራት እያብለጨለጨ የቆመ መኪና ካያችሁ ከሱ አጠገብ ያለውን ሌን ለቃችሁ ወደሚቀጥለው ሌን ተሻገሩ፣ መሻገር ካልቻላችሁ ፍጥነት ቀንሱ የሚል። ታሪኩ የሚጀምረው ሳውዝ ካሮላይና ነው። በ1994 ጄምስ ጋርሺያ የሚባል ፓራሜዲክ (የድንገተኛ ህክምና ባለሙያ) ሌክሲንግተን አካባቢ አደጋ የደረሰበት ቦታ እየሰራ መኪና ገጨው፣ ተረፈ፣ ግን ጥፋተኛ የተባለው እሱ ራሱ ሆነ፣ ምክንያቱም የሚጠብቀው ህግ አልነበረም። ሰውየው ዝም አላለም፣ በ1996 ስቴቱ የመጀመሪያውን ህግ አወጣ፣ ከዛ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ በ2012 ሃዋይ ስትጨምር 50ውም ስቴቶች ህጉ ኖራቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ህጉ የሚጠራው በቴድ ፎስ ስም ነው፣ በ2000 ዊኖና አጠገብ 90 ቁጥር ሃይዌይ ላይ መኪና አስቁሞ እያናገረ ሳለ ትራክ የገደለው የስቴት ፖሊስ ነው።

ፍጥነት ቀንሱ ሲባል ስንት የሚለው ግን እንደ ስቴቱ ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ውስጥ ከወሰኑ 20 ማይል በታች፣ ጆርጂያ ከወሰኑ በታች ትላለች እንጂ በስንት እንደሆነ አትወስንም፣ ቨርጂኒያም ቁጥር አትሰጥም፣ ለሁኔታው የሚመች ፍጥነት ነው የምትለው። ቅጣቱም እንደዛው ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ 110 ዶላርና 1 ነጥብ ነው፣ አደጋ ካስከተለ ይጨምራል። ቨርጂኒያ ግን ከ2019 ጁላይ ጀምሮ ቀይ ወይም ሰማያዊ መብራት አብርቶ የቆመን የድንገተኛ መኪና ሌን ሳይለቁ ማለፍ ትኬት ብቻ አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው፣ የወንጀል ክስ ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊያደርስ ይችላል። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የምጽፈው፣ ኡበርና ሊፍት የመንጃ ሪከርድ ያያሉ፣ የትራክ ድርጅቱ ያያል፣ ኢሚግሬሽን ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ የወንጀል ክስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እንዲህ አይነት ወረቀት ከተሰጣችሁ ኦንላይን ከፍሎ ለመገላገል አትቸኩሉ፣ መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ማለት ስለሚሆን መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ።

ህጉ መጀመሪያ ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ብቻ ነበር፣ ቀስ በቀስ ቶው ትራክና የመንገድ ሰራተኛ ተጨመሩ፣ አሁን ደግሞ በብዙ ስቴት ማንኛውም የተበላሸ መኪና ገብቶበታል። ሜሪላንድ ከ2022 ኦክቶበር፣ ቨርጂኒያ ከ2023 ጁላይ፣ ኒውዮርክ ከ2024 ማርች ጀምሮ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ ወይም ምልክት አስቀምጦ ዳር ለቆመ ተራ መኪና ጭምር ሌን መልቀቅ ግዴታ ነው። ይሄ በኔ እይታ ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ነው፣ ቀለም መለየት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ትርጉም አጣ፣ ዳር ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ሌን ትለቃላችሁ፣ አለቀ።

ቢጫው መብራት ግን አሁንም በሰው ዘንድ ተገቢው ክብር የለውም፣ ይሄ ያንገበግበኛል። ዲሲን የሚዞረው ሃይዌይ፣ ቤልትዌዩ ላይ ማታ አንድ የቶው ትራክ ሾፌር እንዴት እንደሚሰራ ልብ ብላችሁ እዩት። የተበላሸው መኪና ፊት ይቆማል፣ ፍላትቤዱን፣ መኪና የሚጫንበትን ጠፍጣፋ ጀርባ፣ ያዘነብላል፣ ከዛ ተንበርክኮ ወይም መሬት ላይ ተኝቶ መንጠቆውን መኪናው ስር ያስገባል፣ እግሩ ከነጩ መስመር ብዙም አይርቅም፣ በዛ መስመር ላይ ደግሞ ትራክ በ65 ማይል ያልፋል፣ ንፋሱ ብቻውን ሰው ያንገዳግዳል። ዊንቹን (መኪናውን ስቦ የሚያወጣውን የገመድ ማጠንጠኛ) የሚያንቀሳቅስበት ቁልፍ በሁለቱም ጎን ያለው መኪና ከሆነ ከትራፊኩ በተቃራኒው ጎን ሆኖ ይሰራል፣ ካልሆነ ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። የእሳት አደጋ መኪና ሲኖር አግድም አድርጎ በማቆም እንደ ግድግዳ ይሸፍናቸዋል፣ ቶው ትራኩ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ ያለው ነገር ያቺ ቢጫ መብራትና አንፀባራቂ ሰደርያ ናት።

ትራክ ለምትነዱ ደግሞ የራሳችሁ ግዴታ አለ፣ ይሄኛው የፌደራል ህግ ስለሆነ የትም ስቴት አይቀየርም። ሾልደር ላይ ከቆማችሁ ወዲያው ሁለቱንም ፍሬቻ ታበራላችሁ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሶስቱን ሶስት ማዕዘን አንፀባራቂዎች ታስቀምጣላችሁ። በሁለቱም አቅጣጫ መኪና የሚሄድበት መንገድ ከሆነ አንዱን በ10 ጫማ፣ አንዱን በ100 ጫማ ከኋላ፣ አንዱን በ100 ጫማ ከፊት፣ እንደ ሃይዌይ የተከፈለ መንገድ ከሆነ ግን ሶስቱም ወደሚመጣው ትራፊክ፣ በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ። ስትሄዱ አንፀባራቂውን ከፊታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚመጣው ሾፌር ከናንተ በፊት እሱን እንዲያይ።

የግል መኪና ላይ መብራት ስለመጨመርም አንድ ነገር ልበል። ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡት ኤልኢዲዎች ሻጩ ስለ ህግ ምንም አይነግራችሁም፣ በአብዛኛው ስቴት ከፊት የሚታይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ለተራ መኪና ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እንዲለየኝ ብሎ ዊንድሺልዱ ላይ ሰማያዊ የሚያበራ ሾፌር ፖሊስ ሊያስቆመው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ምልክት የሌለው መኪና ሰማያዊ አብርቶ ከኋላችሁ ቢመጣና ፖሊስ መሆኑን ብትጠራጠሩ አትሩጡ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ 911 ደውሉና ያላችሁበትን መንገድ ነግራችሁ እውነት ፖሊስ መሆኑን ጠይቁ፣ ከዛ ብርሃንና ሰው ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ነዳጅ ማደያ፣ ገብታችሁ ቁሙ።

አዲስ ለመጣ ሰው፣ ዲሲ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ የፅሁፍ ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል።