«ከኮሌስትሮል ነፃ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን የኮኮናት ዘይት የሚያሻሽጥ አንድ ቪዲዮ እዚህ ደሴ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ሰውየው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ከኮሌስትሮል ነፃ ስለሆነ ለልብ አያሰጋም፤ በማንኪያ ጠጡት» ይላል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ዝም ልል ነበር፤ አላስችል አለኝ።

ጠርሙሱ ላይ ያለው «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም። ከምግብ ኮሌስትሮል የምናገኘው ከእንስሳት ተዋፅኦ ነው። ኑግም፣ ሰሊጥም፣ ፓልምም፣ ኮኮናትም የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ መለጠፉ ዘይቱን ከጎኑ ከተደረደሩት አይለየውም።

የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «ዘይቱ ውስጥ ከሌለ ደሜ ውስጥም አይጨምርም»። ይጨምራል እንጂ! አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ደም ውስጥ ስንት ይቆያል የሚለውን ደግሞ በዋናነት የሚወስነው ጉበት ነው።

የኮምቦልቻን ደረቅ ወደብ አስቡት። «መጥፎው ኮሌስትሮል» የምንለው ኤልዲኤል ጭነት የያዘ መኪና ነው። ጉበት ማራገፊያው ነው፤ በሮች አሉት። በር የተከፈተለት መኪና ገብቶ ያራግፋል፣ መንገዱም ይለቀቃል። ሳቹሬትድ ፋት (እንደ ቅቤ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የስብ ዓይነት) ሲበዛ ግን ጉበት ከበሮቹ የተወሰኑትን ይቀንሳል። መኪናው ተቀባይ አጥቶ ይቆማል፤ ሰልፉ በባቲ መንገድ ይረዝማል። ከባድ መኪና ሲቆም ደግሞ በደህና አይቆምም፣ አስፋልቱን ያጎደጉዳል። ኤልዲኤልም እንደዚያው የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል። «ከኮሌስትሮል ነፃ» ሲባል እንግዲህ ይህ ዘይት መኪና ይዞ አልመጣም ማለት ነው። እሺ። በር ዘጊውንስ?

የኮኮናት ዘይት ከ80 በመቶ በላይ ሳቹሬትድ ፋት ነው። ነጋ ጠባ የምናማው ቅቤ እንኳ አይደርስበትም። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ ከ20 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን ምግባችን ጉልበት ከ10 በመቶ በላይ ከሳቹሬትድ ፋት እንዳይመጣ ይመክራል። ለፀጉር ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም፣ ተቀቡት።

ከፋሲካ በፊት አንዲት እናት ከፍ ያለ የኮሌስትሮል ውጤታቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ አልቀመስኩም። ማሽናችሁ ነው የተበላሸው» አሉኝ። ማሽኑ ደህና ነበር። «እማማ፣ ወጡን በምን ዘይት ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው። «ያው በጀሪካኑ። ጠዋት ስለሚረጋ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነው የምቀዳው።» ፓልም ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ስህተት አለ። «ጀሪካን ውስጥ የረጋ ደም ሥር ውስጥም ይረጋል» የሚሉ አሉ። አይረጋም። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፤ የኮኮናት ዘይት ደግሞ 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ደሴ የረጋው ጠርሙስ ባቲ ሲወርድ ውሃ ይሆናል። በጉበት ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ደሴም ባቲም ያው ነው።

የቪዲዮው ሰውዬ ሁለት መከራከሪያ ይዟል። አንደኛው «የኮኮናት ስብ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ጉበት ወዲያው ያቃጥለዋል» የሚል ነው። ወንድሜ፣ ይህን ያሳየው ምርምር የተሠራው ኤምሲቲ በሚባል፣ ሰንሰለታቸው አጠር ካሉ ስቦች ብቻ ተለይቶ በተዘጋጀ ዘይት ነው። የኮኮናት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ እሱም አብዛኛው የሚጓዘው በቀጥታ ወደ ጉበት ሳይሆን እንደ ረጃጅሞቹ ስቦች ነው። ሁለተኛው «ጥሩውንም ኮሌስትሮል ይጨምራል» ነው። ይህ እውነት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በርካታ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ፣ እንደ ሱፍ ካሉ የአትክልት ዘይቶች ጋር ሲነጻጸር ኮኮናት ጥሩውን፣ ማለትም ኤችዲኤልን፣ በ4 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ከፍ አድርጓል። ኤልዲኤልን ደግሞ በ10 ገደማ። ኤችዲኤልን ከፍ ማድረግ ብቻውን ልብን እንደሚጠብቅም አልተረጋገጠም። ለዚሁ የተሠራ ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ነበር፤ ከሚወስዱት መካከል የሞቱት ስለበዙ ሙከራው በ2006 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል።

መጨረሻ ላይ ሰውየው የራሱን የምርመራ ወረቀት ያሳያል። ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል። እሱ ብቻውን ጥሩውንም መጥፎውንም ደምሮ ስለሚይዝ ብዙም አያስረዳም። ኤልዲኤል ራሱ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይለካም፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች ይሰላል። ትራይግሊሰራይድ (ሌላው ደም ውስጥ ያለ ስብ) ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ስሌቱ አይታመንም፤ በቀጥታ የሚለካ ምርመራ ጠይቁ። ከባድ ሕመም ላይ ያለ ሰው ደግሞ ኤልዲኤሉ ለጊዜው ይወርዳል። ኒሞኒያ ይዟችሁ ተኝታችሁ ከነበረ፣ አገግማችሁ ጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ ኑ።